የትንሽ ኮሌጅ ትልቅ ውድድር

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በጋምቤላ ከተማ የቀረበ ንግግር)




ከጎሬ ደጋ ቁልቁለቱን ወርዶ ባሮ ዳር የደረሰ መንገደኛን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ይህን ሙቀት ታግሣችሁ፣ የመንገዱንም ድካም ችላችሁ ስለተሰበሰባችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የጉባኤው አዘጋጆች እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ የአነስተኛ ኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ውድድር ነው። ርእሱ ለጊዜው ቀላል ይመስላል። በውስጡ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ተማሪዎቹ ጥቂት የሆኑ፣ ከዋና ከተማ የራቀና በጀቱ የተወሰነ ኮሌጅ የአገር ሻምፒዮን የመሆን ተስፋ ሊኖረው ይገባልን? ወይስ ዕጣ ፈንታው ትልልቆቹን ማጀብ ብቻ ነው?

የእኔ መልስ ይገባዋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህን ተስፋ ለትንሹ ኮሌጅ በችሮታ ልንሰጠው አንችልም። ተስፋው እውነተኛ የሚሆነው ኮሌጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲለካ ነው። ይህንን ለማስረዳት አስቀድሜ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ፤ ከዚያም ወደ ጋምቤላ እመለሳለሁ።

ምሳሌዬ ከቤዝቦል የተወሰደ ነው። ቤዝቦል በአገራችን የተለመደ ጨዋታ አይደለም። ሆኖም የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሕዝብ ኳስን በዱላ መምታት እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም። በቤዝቦል አንደኛው ቡድን ኳስ ይወረውራል። የተጋጣሚው ተጫዋች ኳሱን በዱላ ይመታና አራቱን ማረፊያዎች እየረገጠ ይሮጣል፤ ዞሮ ከተነሣበት ሲደርስ አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል። በአንድ ጊዜ በሜዳ ላይ የሚሰለፉት ተከላካዮች ዘጠኝ ናቸው፤ መደበኛውም ግጥሚያ ዘጠኝ ዙር አለው። ለዛሬው ጉዳያችን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

በአሜሪካ እጅግ ብዙ ተማሪና ገንዘብ ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለጎን ትንንሽ ኮሌጆች የሚገናኙበት ኤን ኤ አይ ኤ የሚባል ማኅበር አለ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1937 በካንሳስ ከተማ የተካሄደ የቅርጫት ኳስ ውድድር ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል የቅርጫት ኳስን የፈለሰፉት ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ ይገኙበታል። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ትንሹ ኮሌጅም የራሱ ብሔራዊ መድረክ ይኑረው የሚል ነበር።

ይህ መድረክ በትንሽነቱ የተናቀ ሆኖ አልቀረም። እንዲያውም ትልልቆቹ ያልደፈሩትን በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 የኢንዲያና ስቴት መምህራን ኮሌጅ ቡድን ለዚሁ የቅርጫት ኳስ ውድድር ተጠርቶ ነበር። የውድድሩ ደንብ ጥቁር ተጫዋቾችን ይከለክል ስለነበር፣ አሠልጣኙ ጆን ዉደን ክላረንስ ዎከር የተባለውን ተጫዋቻቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ፤ ጥሪውንም ሳይቀበሉ ቀሩ። በተከታዩ ዓመት ደንቡ ተሻረ። ዎከር ገብቶ ተጫወተ፤ ቡድኑም እስከ ፍጻሜው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ማኅበሩ የጥቁሮችን ኮሌጆች በአባልነት በመቀበል ቀዳሚ ሆነ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ውድድር ማንን እንደሚያስገባ ራሱ ይወስን ስለነበር፣ ስሕተቱን ለማረምም ቢሆን የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለገውም።

የማኅበሩ ብሔራዊ የቤዝቦል ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ አልፓይን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተለያዩ ከተሞች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 በአይዳሆ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ሉዊስተን ሄደ። እስከ 1991 እዚያው ቆየ፤ ከ2000 ጀምሮም ተመልሶ በዚያው ረጋ። አሥር ቡድኖች በግንቦት ወር መጨረሻ ይሰበሰባሉ። አስተናጋጁ የሉዊስ ክላርክ ስቴት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ 19 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ከእነዚህ 16ቱን ያገኘው ኢድ ቼፍ በሚባሉ አንድ አሠልጣኝ መሪነት ሲሆን፣ እሳቸውም ከ1977 እስከ 2010 በዚያው ኮሌጅ ሠርተዋል።

እንግዲህ ይህች ሉዊስተን ምን ዓይነት ከተማ ናት? ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ የተቆረቆረች፣ ከባሕር 465 ማይል ርቃ በወንዝ ላይ ወደብ ያላት ከተማ ናት። ኮሌጇም እ.ኤ.አ. በ1893 ሲቋቋም የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር።

ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የራሱን ከተማ ማስታወሱ አይቀርም። በ1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ጋምቤላም የወንዝ ወደብ ሆነች። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የምዕራቡን አገር ቡና ይጭኑ ነበር። በበጋ ውኃው ሲጎድል መርከቡ ይቀራል፤ ነጋዴውም የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ኮሌጅም አለ። ስለዚህ የአገር ዳር መሆን ማለት የግድ የነገር ሁሉ መጨረሻ መሆን ማለት እንዳልሆነ ይህች ከተማ ከራሷ ታሪክ ታውቃለች። አንድ ወቅት ጠብቆ ዓለም ወደ እርሷ ይመጣ ነበር።

በስፖርቱ ግን ጉዞው እስካሁን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ኡመድ ኡክሪና ጋቶች ፓኖም ከዚህ ምድር ወጥተው ለብሔራዊ ቡድናችን ተሰልፈዋል፤ ባሕር ማዶ ባሉ ክለቦችም ተጫውተዋል። በእነርሱ እንኮራለን። ነገር ግን ሁለቱም የታዩት ከዚህ ከሄዱ በኋላ ነው። መሄድ ያልቻለው፣ ለመምህርነት ወይም ለነርስነት እየተማረ በማታ ኳስ የሚጫወተው ወጣት ማን ይየው? እርሱ ክለብ ላይገባ ይችላል። ሆኖም ነገ በኢታንግ ወይም በአቦቦ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋው እርሱ ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ በሥርዓት የተመራ ውድድር ያየ መምህርና ምንም ያላየ መምህር ለልጆቹ የሚያወርሱት እኩል አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ስምንት ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ቢጋጠሙ ጨዋታው በሰባት ግጥሚያዎች ያልቃል፤ አራቱ ቡድኖች ግን አንድ ጊዜ ተጫውተው ይመለሳሉ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጫወት ቡድን ወጪው እንደባከነ ይቆጠራል። የሉዊስተኑ ውድድር የሚመራው ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ብቻ በሚወጣበት ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ስምንት ቡድኖች 14 ወይም 15 ግጥሚያ ያደርጋሉ፤ ከሁለት ጊዜ ያነሰ የሚጫወት የለም። ለእኛ የሚቀለው አራት አራት ሆኖ በሁለት ምድብ መጫወት ነው። እዚህም ከግማሽ ፍጻሜና ከፍጻሜ ጋር 15 ግጥሚያ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ቡድን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሰለፋል። የቀረበውን ለማገናኘትም አስቀድሞ የአካባቢ ማጣሪያ ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ በምዕራቡ የጋምቤላ፣ የመቱ፣ የቦንጋ፣ የነቀምቴና የጅማ ኮሌጆች ሊገናኙ ይችላሉ።

ጊዜውንም መምረጥ ይገባል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል። የሚሻለው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን ግጥሚያው ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ መሆን አለበት። ለደጋ እንግዳ አጎበር፣ ንጹሕ ውኃና የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። አዞ ስላለም ባሮ ውስጥ ላለመዋኘት አስቀድሞ ይነገረዋል። ይህን ሁሉ የጤና ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ተቆጣጣሪነት ቢሠሩት ለእነርሱ የተግባር ትምህርት ይሆናል። ነጥብ መመዝገቡንና ዳኝነቱን ደግሞ የመምህርነት ተማሪዎች ይማሩበታል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከዚህ የሚከብድ ጉዳይም አለ። ይህ ክልል የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው፤ ከሌላውም የአገራችን ክፍል የመጡ ብዙዎች ይኖሩበታል። ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችም ተጠልለውበታል። በጥር 2008 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የተነሣው ግጭት የኮሌጅ ግቢን ሳይቀር እንደነካ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ውድድር ሰላም ያመጣል ብዬ አልደልላችሁም። የመሬትን፣ የሥልጣንንና የጦር መሣሪያን ጥያቄ ኳስ አይፈታውም። በክፉ የተመራ ግጥሚያ እንዲያውም ጠብ ሊያጭር ይችላል። ቡድን ግን አንድ የተወሰነ ነገር ያደርጋል። የኮሌጁን ማሊያ የለበሱ ተማሪዎች በቋንቋ ሳይለያዩ አንዱ የሌላውን ኳስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በራሱ ኮሌጅ ውስጥ በየብሔሩ ተከፋፍሎ የሚጫወት ተማሪ ይህን ዕድል አያገኝም። ኮሌጁ በአንድ ስም ወደ ውጭ ሲወጣ ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ሲቀበል ግን «እኛ» የሚለው ቃል ይሰፋል። የአነስተኛ ኮሌጆች ውድድር ለጋምቤላ ከዋንጫ በላይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው የገንዘብ ነው። መጽሐፍ በጠፋበት ኮሌጅ ለኳስ ማውጣት ያስወቅሳል ይባላል። ወቀሳው ተገቢ ነው። መልሴ ውድድሩን አነስ አድርገን እንጀምር የሚል ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት የስፖርት ዓይነት፣ በዕረፍት ጊዜ በተማሪዎች መኝታ እያሳደርን፣ ሽልማቱንም ወጪ የማያስከትል እያደረግን እንጀምር። ሁለተኛው የአስተናጋጁ ብልጫ ነው። የሉዊስተኑ አስተናጋጅ ያለ ማጣሪያ ይገባ ነበር፤ ከ19 ዋንጫዎቹም 16ቱን የበላው በገዛ ሜዳው ነው። ይህ ሌላውን ኮሌጅ ቅር የሚያሰኝ ነው። በሌላ በኩል አስተናጋጅ በየዓመቱ ሲለዋወጥ አንድም ከተማ ሥራውን ሳይለምድ ይቀራል። ስለሆነም አንድ ከተማ ለአራት ዓመት አስተናግዶ ለሌላው ቢያስረክብ ልምዱም ፍትሑም ይጠበቃል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን የመምህራንና የጤና ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ተለይተው በራሳቸው ደረጃ የሚገናኙበትን የውድድር ደንብ እንዲያረቅቅ፤ ሁለተኛ፣ የወንዶችና የሴቶች ውድድር ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ እኩል እንዲካሄድ፤ ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ተራ ከዋና ከተማ ለራቀ ኮሌጅ እንዲሰጥ። ተራው ለጋምቤላ ቢደርስ ደስ ይለኛል፤ ለጊልገል በለስ ወይም ለቦንጋ ቢደርስም አልከፋም። ዋናው ነገር መንገዱ ወደ መሐል አገር ብቻ የሚሄድ መሆኑ እንዲቀር ነው። ደንቡ ከጸደቀ የቀረውን ሜዳ መደልደልና መስመር ማስመር እኛው የሙያው ሰዎች እንችላለን።