እርጅና ያሳማው ኮከብ



በጥቅምት መጨረሻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የከተማው መብራት በማይደርስበት ሜዳ ላይ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፣ ከሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ አንድ መካከለኛ ድምቀት ያለው ብርቱካናማ ኮከብ ያገኛል። ኤራይ ይባላል። ያለ መነጽር ይታያል፤ ርቀቱ 45 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። የሚገኘው በሴፊየስ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ሴፊየስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር፤ ግሪኮቹ “ኢትዮጵያ” ያሏት አገር ከዛሬዪቱ ጋር አንድ ስላልሆነች ግን በዝምድናው ብዙም አልኩራራም።

ኤራይ እርጅና የጀመረው ኮከብ ነው። ፀሐያችን በማዕከሏ ያለውን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ትኖራለች። ኤራይ ግን የማዕከሉን ጨርሷል። የቀረው የሂሊየም እምብርት በራሱ ክብደት ይጨመቃል፤ ሃይድሮጅኑ አሁን የሚነደው እምብርቱን በከበበው ንጣፍ ላይ ነው። የውጭው አካል በዚህ የተነሣ ያብጣል፤ ሲያብጥም ይቀዘቅዛል። የኤራይ ወርድ የፀሐይን 5 እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ የገጹ ሙቀት ግን ከፀሐይ በ1,000 ዲግሪ ገደማ ያንሳል። ብርቱካናማነቱም ከዚህ ነው። ገና ቀይ ግዙፍ ስላልሆነ ንዑስ ግዙፍ ይሉታል።

ኤራይ ፕላኔት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ሙግት ያመጣው ይኸው እርጅና ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳውያኑ ብሩስ ካምቤል፣ ጎርደን ዎከርና ስቲቨንሰን ያንግ በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለው 3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ የከዋክብትን ብርሃን ይለኩ ነበር። ፕላኔት ያለው ኮከብ በስበቷ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ወደ እኛ ሲመጣ የብርሃኑ ኅብረ ቀለም መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ያዘነብላሉ። ለማመሳከሪያ እንዲሆናቸው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተሞላ ዕቃ በብርሃኑ መንገድ ላይ አኖሩ። ጋዙ መርዝ ነው፣ መስታወት ሳይቀር ይበላል፤ ሆኖም የራሱ መስመሮች ቦታቸውን አይለቁም። በኤራይ ላይ ያዩት መዋዠቅ በሰከንድ 25 ሜትር ያህል ነበር፤ በአዳማ ፈጣን መንገድ የሚሄድ መኪና ፍጥነት ማለት ነው።

በ1988 ፕላኔት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። በ1992 ራሳቸው ተጠራጠሩት። ያረጀ ኮከብ ገጹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሊወጣበት ይችላል፤ ኮከቡ በዛቢያው ሲሽከረከር ነጠብጣቡ መስመሮቹን አዛብቶ የሌለችውን ፕላኔት ያለች ያስመስላል። ይባስ ብሎ የኮከቡ የካልሲየም መስመርም እንደ መዋዠቁ ሁሉ 2 ዓመት ተኩል በሚጠጋ ዑደት ሲለዋወጥ ታያቸው። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ የምትዞረውን ፕላኔት አበሰሩ፤ በ2019ም ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች “ካናዳውያኑ ቢጸኑ ኖሮ ክብሩ የእነሱ ይሆን ነበር” እያሉ ይቆጫሉ። እኔ አልቆጭም። የያዙት ማስረጃ ሁለቱንም ትርጓሜ ይሸከም ነበር፤ በዚያ ላይ ቆሞ “አገኘን” ማለት ድፍረት እንጂ ሳይንስ አይሆንም።

ጉዳዩን የፈታው ጊዜ ነው። አርቲ ሃትዝስና ባልደረቦቹ በቴክሳሱ ማክዶናልድ የከዋክብት መመልከቻ የለኩትን ከቀድሞው የሃዋይ መዝገብ ጋር አቀናጁ፤ ከ1981 እስከ 2002 የሚደርስ ልኬት ሆነ። ነጠብጣብ ይመጣል ይሄዳል። የመዋዠቁ ምት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አልተዛነፈም። በ2003 የታተመው ጽሑፋቸው ፕላኔቷን አጸደቀ፤ በ2015 በሶርያ የሥነ ፈለክ ማኅበር አቅራቢነት ታድሞር ተባለች።

ታድሞር ከኮከቧ የምትርቀው ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ኤራይ ግን ብቻውን አይደለም፤ በ67 ዓመት ገደማ አንዴ የሚዞረው ትንሽ ቀይ ኮከብ ጓደኛ አለው። ይህ ጓደኛ በየዙሩ በጣም እየቀረበ፣ ፕላኔቶች የሚሠሩበትን የአቧራና የጋዝ ዝርግ ገና ከጅምሩ መሸራረፍ ነበረበት። በተሸራረፈ ዝርግ ውስጥ ከጁፒተር የምትከብድ ፕላኔት እንዴት ልትሠራ ቻለች? ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ላይ ዛሬም አልተስማሙም።