ስለ አቶም ኃይልና ስለ ጥበቃው የተነገረ ንግግር



ኡራንየም ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣ ከባድ ማዕድን ነው። ለእሳትነት የሚመቸው ክፍሉ ግን ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህ ክፍል ተጣርቶ ከመቶው ሦስት ወይም አምስት እጅ ሲደርስ ውሃ አፍልቶ መብራት ይሰጣል፤ ሰማንያና ዘጠና እጅ ሲደርስ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. ሂሮሺማን እንዳቃጠለው ያለ ቦምብ ይወጣዋል። ማጣሪያው ለሁለቱም አንድ ነውና ጭንቁ ያለው በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በ1968 የተፈረመው ውል ቦምብ የሌላቸው መንግሥታት እንዳይሠሩ፥ ያላቸውም ለማስወገድ በቅን ልብ እንዲነጋገሩ ያዛል። የፊተኞቹን ሥራ ተቈጣጣሪዎች ይመረምሩታል፤ የኋለኞቹን ቅን ልብ ግን ማን ይመረምረዋል?

ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ ላምጣ። ደቡብ አፍሪካ ከአሜሪካ በተገኘ የአቶም ምድጃ በ1965 ምርምር ጀመረች። ኋላም ኡራንየም አጥርታ በስውር ስድስት ቦምብ ሠራች። ነገር ግን አፈራርሳቸው በ1991 ወደ ውሉ ገባች፤ ፕሬዚዳንቱ ደ ክለርክም በ1993 ምሥጢሩን ለሕዝብ ገለጡ። ከቪየና የመጡት ተቈጣጣሪዎች የማጣሪያውን የቀድሞ መዝገብ እየገለጡ፥ የገባውን ከወጣው ጋራ አመሳከሩ። እኔ ጸሐፊ ነኝና ይህ ደስ ያሰኘኛል፤ ቦምቡን ያፈረሰው የባለቤቱ ፈቃድ ቢሆንም መፍረሱን ያሳመነው መዝገብ ነው።

በ1996 የአፍሪካ መንግሥታት አህጉራቸው ከዚህ መሣሪያ ነጻ እንዲሆን በካይሮ ተፈራረሙ። ውሉም ፔሊንዳባ ተባለ፤ ይኸውም ያ ምድጃ የቆመበት ስፍራ ስም ነው።