ርክክቡ ያላለቀ ላፕቶፕ



በጡረታ ስሰናበት፣ እሠራበት የነበረውን ላፕቶፕ መሥሪያ ቤቴ ሸለመኝ። ቤት ወስጄ ከዋይፋይ ጋር ባገናኘው ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ አንድም ድረ ገጽ አልከፍት አለ። በዚያው ዋይፋይ የልጄ ስልክ ስለሚሠራ ጥፋቱ የመስመሩ አለመሆኑን ተረዳሁ። ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ባደርግም መልሱ ወዲያው መጣ። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው።

የፕሮክሲውን ማስተካከያ ስመለከት በ10 የሚጀምር የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ተሞልቶ አገኘሁ። እንዲህ ያለው አድራሻ ለውስጥ መረብ ብቻ የተመደበ ስለሆነ ከቤት አይደረስበትም። ባጠፋው ገጹ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ግን ያው አድራሻ ተመልሶ ጠበቀኝ።

ለካ ላፕቶፑ ከመሥሪያ ቤቱ የማስተዳደሪያ መዝገብ አልተሰረዘም ኖሯል! መስመር ባገኘ ቁጥር ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚያ ነው። የቤተሰቤን ፎቶግራፍ ባስቀምጥበት እንኳ ከሩቅ ሊደመሰስ ይችል ነበር፤ የደንበኞችም ምስጢር ገና በውስጡ ነበር። ስለዚህ በራሴ ሥልጣን ልፍታው ሳልል ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ከመዝገብ ተሰርዞ፣ የቀድሞው ሰነድ ጠፍቶ ተመለሰልኝ።

እንግዲህ ንብረት ስናስረክብም ሆነ ስንረከብ፣ ከዕቃው ጋር ሥልጣኑም መተላለፉን እናረጋግጥ።