ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?
(ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማላዊ ትምባሆ ገበሬ ነው። «ማላዊ እኛን ምን አገባን?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ማላዊ ለብዙ አሥርት ዓመታት ትልቁን የውጭ ምንዛሬ ያገኘችው ከትምባሆ ነው። ቅጠሉን የሚያለማው ሰውስ? እንደ ካሱንጉ ባሉ አካባቢዎች ባለ ሰፋፊ እርሻዎቹ ከደቡብ ወረዳዎች ቤተሰብ ያስመጣሉ። አባት፣ እናት፣ ልጆች። ሰውየው ማዳበሪያውን በዱቤ፣ የበቆሎ ዱቄቱን በዱቤ ይወስዳል። ችግኝ ያፈላል፣ ዝናብ ሲገባ ይተክላል፣ ቅጠል በቅጠል ይለቅማል፣ ዳስ ውስጥ ሰቅሎ ለሳምንታት ያደርቃል። እርጥብ ቅጠል ሲነኩ ኒኮቲኑ በቆዳ ይገባል፤ ያዞራል፣ ያስመልሳል። ሕፃናቱም እዚያው ማሳ ውስጥ ናቸው። ሲሸጥ ሒሳቡን የሚይዘው ባለእርሻው ነው። ዱቄቱ ተቀንሶ፣ ማዳበሪያው ተቀንሶ፣ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ባለዕዳ ሆኖ የሚወጣ አለ።

ይሄ ነገር በእኛ ቋንቋ ስም አለው እኮ። ጭሰኛ! ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡበት፣ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተሻረው እሱ ነው። ማላዊ በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ትናንት ማለት ነው።

የራሱ መሬት ያለውስ? በሄስቲንግስ ባንዳ ዘመን በርሌይ የሚባለው ዝርያ ለትልልቅ እርሻዎች የተያዘ ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ለትንሹ ገበሬም ተፈቀደ። ጥሩ! ግን ገዢዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጨረታው በዶላር ይጠራል፣ ገበሬው በክዋቻ ይከፈለዋል። ጥቅሉ ውድቅ ከተደረገበት የመጓጓዣው ኪሳራ የራሱ ነው።

አሁን የሚያስጨበጭባችሁን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ «መንግሥት ከወሰነው ዋጋ በታች ትገዛላችሁ» ብለው አራት የውጭ አገር የትምባሆ ኩባንያ ኃላፊዎችን ከአገር አባረሩ። አያችሁ፣ አጨበጨባችሁ! እኔም መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ሞቆ ነበር። በ2011 ግን ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። አራት ሰው ሄደ እንጂ ገበሬው ሌላ ገዢ አላገኘም፤ ብድሩም እዚያው ነው። ትምባሆ ደግሞ አይበላም። በቆሎ ያለው ሰው ዋጋ ሲወድቅ ጎተራውን ዘግቶ ይጠብቃል። ትምባሆ ያለው ምን ያድርግ?

እናንተ «ገዢውን እናባር» ስትሉ የምትቆጡት ገበያው ሲከፈት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ዕዳው የሚጀምረው ግን ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ ቅጠሉ ማሳ ላይ ለምልሞ፣ ቤት ውስጥ ዱቄት አልቆ። በዚያ ሰዓት ዱቄቱን ማን በስንት ያበድረዋል? እስቲ ከዚህ እንጀምር፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።