የተተከለና የጸደቀ
(በወንዶ ገነት ለደን፣ ለዱር አራዊትና ለተፈጥሮ ሀብት ተመራቂዎች በስንብት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የተማሪዎች ማኅበር ይህን ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነበር፤ ሆኖም ሙገሳ ብቻ ተናግሬ ብወርድ የሰጣችሁኝን ጊዜ በከንቱ ያጠፋሁ ይመስለኛል። ከእናንተ ቀደም ብዬ ከዚሁ ግቢ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ከሥራ ቦታችሁ በር ላይ የሚጠብቃችሁን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ይህ ቤት በ1970 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሲከፈት የደን ባለሙያ ማሠልጠኛ ነበረ። ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የዱር አራዊቱንም፣ የአፈሩንም፣ የውሃውንም ትምህርት ይሰጣል። ታሪኩን ከእኔ ይልቅ መምህሮቻችሁ ያውቁታልና ወደ ነገሬ ልግባ።

በአንድ ወረዳ ተመድቤ ሳለሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የችግኝ ቁጥር ላኩ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ይመጣ ነበር። በቅጹ ላይ «የተተከለ» የሚል ዓምድ አለ፤ «የጸደቀ» የሚል ግን የለም። እኔም በሐምሌ የተተከለውን ቆጥሬ፣ ፈርሜ ላክሁ። በጥር ወር ወደዚያው ተራራ ስወጣ ብዙው ከነላስቲኩ ተተክሎ ኖሮ ሥሩ እንደ ተጠቀለለ ደርቋል፤ የቀረውን ፍየል ቀርጥፎታል። ጉድጓዱ ብቻ በመስመር ተሰልፎ ቀርቷል። በዓመቱ በዚያው ጉድጓድ ላይ እንደ አዲስ ተከልን፣ እንደ አዲስም ቆጠርን። ያዘዘኝን ሰው ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሣቴ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ ለዛፍ ብሎ በዝናብ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የሕዝቡ ሥራ በዚያው ቀን ሲያልቅ የባለሙያው ሥራ በማግሥቱ ይጀምራል። ላስቲኩ ተቀዶ ወጥቷል ወይ? ጉድጓዱስ ከዝናቡ በፊት ተቆፍሮ ነበር ወይ? ለቆላው ግራር፣ ለደጋው ጥድ ደርሶታል ወይስ የተገኘው ሁሉ በአንድ መኪና ተጭኖ ሄደ? ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከብት የሚከለክል ማነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው በስብሰባ ላይ እንደማይወደድ ከወዲሁ እወቁት። አማርኛችን ለችግኙም ለነፍሱም «ጸደቀ» የሚለውን አንድ ቃል መስጠቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ደግሞ ባሕር ዛፍን በመስደብ ሥራ የምትጀምሩ አላችሁ፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁና አልፈርድባችሁም። ውሃ ይመጣል፣ ከሥሩም እህል እንደ ልብ አይበቅልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ከተማውን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ሊያስነሣው በተቃረበ ጊዜ፣ በቦታው ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው። ዛሬም ገበሬው ቶሎ አድርሶ፣ ሽጦ፣ የልጁን ደብተር ይገዛበታል። ዝግባና ወይራ ይሻልሃል ስትሉት እስኪደርስለት ድረስ ምን እንደሚሸጥ አብራችሁ ንገሩት። የአገር በቀሉን ዘር ስትፈልጉም፣ በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ደኑ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነውና፣ የምትለምኑት ቄሰ ገበዙን ነው። ለመጠየቅ አትፈሩ፤ እሳቸው ዛፉን የጠበቁት ያለ ዲግሪ ነው።

የዱር አራዊት ያጠናችሁትም ከሰው ጋር ከመነጋገር አታመልጡም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ የቀረውም ከ500 ብዙ የማይበልጥ ሲሆን ከግማሹ በላይ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ በባሌ ብዙውን የፈጀው የአዳኝ ጥይት ሳይሆን ከእረኞች ውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ነው። ስለዚህ ቀበሮውን ለማዳን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ከእረኛው ደጅ ቆሞ «አባቴ፣ ውሻዎን ላስከትብልዎ» ማለት አለበት። መሣሪያ ይዞ ከመዞር ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ወተት ሲያቀርቡላችሁ እንቢ እንዳትሉ።

በሰሜን ተራሮች የሆነውን ደግሞ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። በዚህ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቷል። ዋሊያው ቦታ አገኘ፤ ሰውየውስ? መነሣቱ ልክ ነው ወይስ ስሕተት ብላችሁ ዛሬ ማታ ብትከራከሩ አልጠላም። እኔ የምለው፣ ስለ ዋሊያው ቁጥር የምትጽፉት ሪፖርት ስለ እነዚያ ሰዎች ኑሮ አንድ ገጽ ከሌለው ጎዶሎ ነው።

ብዙ አስቆምኋችሁ፤ እራቱም ሳይቀዘቅዝ አይቀርም። የማኅበሩ ጋዜጣ አዘጋጆች ከየሥራ ቦታችሁ ለምትልኩት ደብዳቤ በመጪው ሰኔ እትም ላይ ሁለት ገጽ ሊለቁ ቃል ገብተውልኛል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ከምትተክሉት ውስጥ ምን ያህሉ በግንቦት ቆሞ እንዳገኛችሁት ቆጥራችሁ ጻፉልን። ቁጥሩ ሦስት ከሆነም ሦስት በሉ። እኔም ያንን የድሮ ተራራዬን እንደገና ወጥቼ፣ ቆጥሬ፣ ከእናንተ ጋር እልካለሁ።