አረጋውያን ወገኖቻችንና የመኪና አደባባይ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)




በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ለእርሱ ስለ ደከሙ ወገኖች መናገር የተለመደ ነው። ይህንኑ ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች በሚገባ ስላደረሱልን፣ እኛ ወደ አንድ ተራ ወደሚመስል ጉዳይ እንድንሻገር ፍቀዱልን። ጉዳዩ መኪና የሚዞርበት አደባባይና የአረጋውያን ወገኖቻችን ደኅንነት ነው።

ለምን ይህን እንደመረጥን እንናገር። በካርቱም በኖርንባቸው ዓመታት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ከዕድር፣ ከለቅሶ ወይም ከበዓል ሲቀሩብን ምክንያቱን እንጠይቅ ነበር። ሕመም ወይም ቅያሜ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «መንገዱን መሻገር ፈርቼ ነው» የሚል ነበር። የምንሰበሰብበት ቤት ከደጃቸው እየታያቸው፣ በመሐል ያለው አደባባይ አላሳልፍ ብሏቸው ነጠላቸውን እንደለበሱ ወደ ቤት የተመለሱ እናቶች ነበሩን። ሰው ከወገኑ የሚለየው በሞትና በስደት ብቻ አይደለም፤ በአንድ መንገድም ይለያል።

ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን አደባባይን «ሲኒያ» ይሉታል። ሲኒያ ማለት በእኛ አነጋገር ትሪ ነው፤ እነርሱ ዙሪያውን ተቀምጠው በአንድነት የሚበሉበት። ስሙ ጥሩ ትምህርት አለው። በትሪ ዙሪያ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ ተራ እየጠበቀ ይበላል። በመንገዱ ሲኒያ ላይም ደንቡ ይኸው ነው። አስቀድሞ የገባው ይዞራል፤ ሊገባ የመጣው ቆም ብሎ ይጠብቃል። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች በቀኝ በሚነዱ አገሮች በዘመናዊው አደባባይ ሥርዓት ሊገባ የመጣ ሾፌር በውስጥ ሆኖ ከግራው ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። እንግሊዞች ይህን በውስጥ ላለው ቅድሚያ የመስጠት ሕግ በ1966 እ.ኤ.አ. ካወጡ በኋላ ነው ዘመናዊው አደባባይ በዓለም የተስፋፋው።

አደባባይ በራሱ መጥፎ ነገር እንዳልሆነም ልናውቅ ይገባል። የመንገድ መሐንዲሶች እንደሚቆጥሩት፣ አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሊጋጭባቸው የሚችሉ 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ መስመር አደባባይ ሲሠራበት ግን 8 ብቻ ይቀራሉ። በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እንደሚገልጸው፣ መብራት ወይም የ«ቁም» ምልክት የነበረባቸው መስቀለኛ መንገዶች ወደ አደባባይ ሲለወጡ ሰው የሚጎዳባቸው አደጋዎች ከ70 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ክቡን ለመዞር ሾፌሩ የግድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ አደባባይ መብራት ቢጠፋም አይቆምም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አይጠይቅም። የካርቱም ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ታዲያ አረጋውያኖቻችን ለምን ይፈሩታል? የሚፈሩበት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። ከላይ የጠቀስነው ጥሩ ውጤት የሚገኘው ጠባብና ፍጥነትን በሚገታ አደባባይ ነው። እኛ የምናውቃቸው ብዙዎቹ ግን ሰፋፊ ናቸው፤ ሃፍላው፣ አምጃዱ፣ ራክሻውና በአህያ የሚጎተተው ካሮ በአንድነት የሚዞሩባቸው ነበሩ። በመብራት ላይ ቀይ ሲበራ መኪናው ይቆማል፤ እግረኛው የራሱን ጊዜ ያገኛል። በአደባባይ ላይ ግን ለእግረኛ ተብሎ የተለየ ጊዜ የለም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የአንድ መስመር ስፋት ወደ 3 ሜትር ተኩል ነው እንበል፤ ሁለት መስመር 7 ሜትር ይሆናል። ጉልበት ያለው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ስለሚራመድ በ6 ሰከንድ ያቋርጠዋል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አባት ግን ወደ 9 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ120 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ አባታችን መንገዱ ውስጥ ሲገቡ መኪናው ገና ሩቅ ነበር፤ ከመሻገራቸው በፊት ግን ደረሰባቸው ማለት ነው። መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ኖሮ በዚያው ጊዜ የሚሄደው 73 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድል በ4 እጥፍ ተኩል ይጨምራል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው የእኛን ትውልድ በተለይ ይመለከታል። በኢትዮጵያ መኪና በግራ መንዳት ቀርቶ በቀኝ የሆነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ የተሸጋገረችው ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት መተማ ላይ በቀኝ የነዳ ሾፌር ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ሲገባ በግራ መንዳት ነበረበት። ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸው ከተሜ ወገኖቻችን መንገድ መሻገርን በልጅነታቸው የተማሩት «መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ» ተብለው ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ሱዳን የገቡት ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለውጠዋል። በልጅነት የገባ ልማድ ሰው ሲደነግጥ ብቅ ይላል። በቀኝ በሚነዳበት አገር ግን መጀመሪያ የሚመጣው መኪና ከግራ ነው። እንግዲህ ወላጆቻችን ግራ ሲጋቡ ስናይ «አረጁ» ብለን አንፍረድ፤ አንድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ሥርዓት የተሸከሙ ናቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ማኅበረሰባችንን በትኖታል። ከዴም፣ ከጅሬፍ፣ ከሰሃፋና ከአማራት የወጡ ወገኖቻችን ከፊሉ በመተማ በኩል አገር ገብተዋል፤ ከፊሉ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል፤ ከከተማው ያልወጡም አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የካርቱም ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የገቡት እናቶቻችን የሚያውቋትን ከተማ አላገኟትም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እንደ ሜክሲኮ ያሉ አደባባዮች መልካቸው ተለውጦ ነበር፤ በኋላም በርካታ አደባባዮች ተነሥተው በትራፊክ መብራት ተተክተዋል። ዘመድ ጥየቃ ወደ ኬንያ ወይም ወደ ኡጋንዳ የሚሄዱት ደግሞ እንደገና በግራ የሚነዳበት አገር ይገባሉ። በየሄድንበት መንገዱን እንደ አዲስ መማር አለብን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለአባቶችና ለእናቶች። አደባባዩን በመሐል አቋርጣችሁ አትሂዱ፤ መሐሉ ሣርና ጥላ ቢኖረውም ለእግረኛ አልተሠራም። ክቡ አፍ ላይም አትሻገሩ፤ ከመኪናው ክብ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ወደ አንዱ መንገድ ውስጥ ግቡ፤ ዜብራ ካለ በዜብራው ተሻገሩ። በቀኝ በሚነዳበት አገር መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከመሐል አካፋይ ስትደርሱ ደግሞ ወደ ቀኝ እዩ። አካፋዩ ላይ ማረፍ ነውር አይደለም፤ ለዚያም ነው የተሠራው። ከክቡ የሚወጣውን መኪና ከሚገባው ይልቅ ፍሩት፤ የሚገባው ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው፣ የሚወጣው ግን እየጨመረ ነው፤ ፍሬቻም ላያሳይ ይችላል። ሲመሽ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ከላይ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ራክሻ ለሚነዱ ልጆቻችን። አደባባይ ስትደርሱ እንደ ትሪው ዙሪያ ሁኑ፤ ተራ ጠብቁ። ስትወጡ ፍሬቻ አሳዩ። ሽማግሌ ዳር ቆሞ ስታዩ ጥሩምባ አትንፉ፤ ጥሩምባ የሚያስደነግጠው እግረኛ ይሮጣል፣ የሚሮጥ ሽማግሌም ይወድቃል። ይልቅስ ፍጥነት ቀንሳችሁ ቁሙ። አሥር ሰከንድ ከሥራችሁ አታጎድልባችሁም።

ሦስተኛ፣ ለማኅበሩ። የስብሰባና የዕድር ቤት ስንመርጥ የኪራዩን ዋጋ ብቻ አንጠይቅ፤ አረጋውያን በምን በኩል ተሻግረው እንደሚመጡም እንጠይቅ። ስብሰባውን መኪና ከሚበዛበት ሰዓት እናርቀው፤ ከመምሸቱም በፊት እንጨርስ። በየሰፈሩ አንድ ወጣት ሁለት ወይም ሦስት አረጋውያንን ከደጃቸው ተቀብሎ እንዲያመጣና እንዲመልስ ተራ ይውጣ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰዓት ማክበርን ብቻ ነው። አባታችን «ዛሬ ማን ይወስደኛል?» እያሉ ደጅ እንዳይቀሩ የተራው ዝርዝር ለቤተሰቡ ይሰጥ።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

መንገድ መሥራትና መብራት መትከል የመንግሥትና የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው፤ በእጃችን አይደለም። የአንዲትን እናት ክንድ ይዞ ማሻገር ግን በእጃችን ነው። ይህን ማኅበር በሰው አገር ያቆሙት እነዚሁ ዛሬ መንገድ የሚፈሩት አባቶችና እናቶች ናቸው። ለመጪዎቹ ዓመታት አንድ ነገር ቃል ብንገባ፣ መንገድ ፈርቶ ከመካከላችን የሚቀር አንድም አረጋዊ እንዳይኖር ይሁን።

የተበተኑትን ፈጣሪ ይሰብስብልን፤ ለሱዳን ሕዝብም ሰላሙን ያውርድለት።