የአሮጌዋ መኪናችን የካምቢዮ ዘይት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ሌሎች ተናጋሪዎች ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ወደ ፊት ተስፋው ነግረዋችኋል። እኛ ግን የተነሣነው ስለ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪናና ስለ ካምቢዮዋ ዘይት ልንነግራችሁ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለአዳሪ ተማሪዎች ዱቄት ከወፍጮ ቤት የምታመጣው፥ በክረምትም የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የምታደርሰው እርስዋ ብቻ ስለ ሆነች ለእኛ ትንሽ አይደለም።

መኪናዪቱ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራች ሸቭሮሌ ናት። በመንገዳችን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የጭነት መኪናዎች፥ ፊያቱም አይሱዙውም፥ ማርሻቸው በእጅ የሚለወጥ ነው፤ የእርስዋ ግን በራሱ የሚለወጥ አውቶማቲክ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዳገት ላይ ሞተርዋ እየጮኸ እርስዋ ግን አልራመድ አለች። ማርሽ ስትለውጥም ትዘገይና ድንገት ትንገጫገጫለች። ስለዚህ አስተዳደሩ ለብረት ገዢ ትሸጥ ወደሚለው አሳብ አዘነበለ። እኛም ከመሸጥዋ በፊት የካምቢዮዋን ዘይት እንድንለውጥ ፈቃድ ለመንን።

የተቃወሙን ሾፌራችን ነበሩ። «ልጆቼ፥ አሮጌ የካምቢዮ ዘይት አይነካም፤ የለወጡ ሰዎች መኪናቸው በሳምንቱ ሲቆም አይቻለሁ» አሉን። እኛም በልባችን «ጋሼ መጽሐፉን አላነበቡም» አልን። በዚህ እንዴት እንዳፈርን ኋላ እንነግራችኋለን።

አስቀድመን ግን ይህ ዘይት ምን እንደሚሠራ እንግለጽ። በእጅ በሚለወጥ ካምቢዮ ውስጥ የዘይት ዋና ሥራ ጥርሶቹን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲኩ ውስጥ ግን ሥራው አራት ነው። አንደኛ፥ የሞተሩን ኀይል ያስተላልፋል፤ ውሃ የወፍጮ መዘውር እንደሚያዞር ሁሉ፥ ከሞተሩ ቀጥሎ ባለው ክብ ቤት ውስጥ በሞተሩ በኩል ያለው ክንፍ ዘይቱን ይገፋል፥ ዘይቱም በካምቢዮው በኩል ያለውን ክንፍ ያዞራል። ሁለተኛ፥ በፓምፕ ተገፍቶ የፍሪሲዮን ሸራዎቹን በመጫን ማርሹን ያስይዛል። ሦስተኛ፥ የሚሽከረከሩትን ብረቶች ያለሰልሳል። አራተኛ፥ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል። እንግዲህ ዘይቱ በሙቀት ብዛት ሲበላሽ አራቱም ሥራዎች አብረው ይበላሻሉ ማለት ነው።

ደግሞም ማንኛውም ዘይት ለዚህ አይሆንም። ጄነራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1939 ዓ.ም. አስተዋወቀ፤ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት በታንኮች ላይ ተሠራበት። ሸራዎቹ ሲይዙ እንዳይነጥቁ በዘይቱ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር። በአሜሪካ ይህ በሕግ ሲከለከል የኬሚስትሪ ሊቃውንት ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የእኛ መኪና መጽሐፍ የሚያዘው ዴክስሮን የተባለውን ነው፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ዴክስሮን 6 የቀደሙትን እንዲተካ ሆኖ ስለ ተሠራ እርሱን ገዛን።

ሥራውን የጀመርነው በመመርመር ነው። የመለኪያውን ዘንግ አውጥተን በነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግነው። ጤነኛ ዘይት ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ቢሸት ሙቀት ጎድቶታል፤ እንደ ወተት ደፍርሶ ሐምራዊ ቢሆን የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ የሚያብለጨልጭ ስባሪ ቢታይበት ብረቱ እየተበላ ነው። የእኛው ጠቁሯል፥ ጥቂትም የማረር ሽታ አለው፤ ስባሪ ግን አላየንበትም። ስለዚህ ተስፋ አለ አልን።

ዘይቱ ቀጥኖ እንዲወርድ ሞተሩን ጥቂት አሞቅነው። መኪናዪቱን በደልዳላ መሬት አቁመን ለጎማዎቹ ታኮ አደረግን፤ በክሪክም አንሥተን በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍናት። ወንድሞቻችን ሆይ፥ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ! የዘይቱ ገንዳ ማፍሰሻ ብሎን የለውም፤ 13ቱን ብሎኖች መፍታት ያስፈልጋል። የኋላዎቹን አስቀድመን ፈትተን የፊቶቹን በማላላት ገንዳውን ቀስ ብለን አዘነበልነው። ከሥሩ እንደ አመድ የላመ ግራጫ ጭቃ አገኘን፤ ይህ ሸራዎቹ በዕድሜ ብዛት የለቀቁት ነው። ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኑን ለወጥን፤ ብሎኖቹንም በየተራ፥ ጥቂት በጥቂት አጠበቅን፤ ከመጠን በላይ ያጠበቁት እንደ ሆነ ገንዳው ተጣሞ ያፈስሳልና።

ስሕተታችን ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፉ ካምቢዮው 10 ሊትር ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። እኛም የወጣውን ሳንለካ በጀሪካን ውስጥ ገልብጠን አዲሱን ማፍሰስ ጀመርን። 7ኛው ሊትር ሲገባ ጋሼ ከጥላው ተነሥተው «ቁሙ! የወጣው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁን። የሚመልስ ጠፋ። ጀሪካኑን ብንለካው 4 ሊትር እንኳ አልሞላም። የቀረው ዘይት ከላይ በተናገርነው ክብ ቤት ውስጥ ነበር፤ ገንዳው ቢወርድም እርሱ አይወርድም። ሞተሩን አስነሥተን ቢሆን ኖሮ የሚሽከረከሩት ብረቶች ትርፉን ዘይት መትተው አረፋ ያደርጉት ነበር፤ አረፋም ግፊት ስለማይሸከም ሸራዎቹ ተንሸራትተው ይቃጠሉ ነበር። የጋሼም ትንቢት በእጃችን ይፈጸም ነበር! በቀጭን ጎማ ትርፉን ስንስብ መሸ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በሥርዓቱ ፈጸምን። ሞተሩ እየሠራ፥ ፍሬን ተረግጦ፥ መለወጫውን በየቦታው አሳልፈን ወደ ማቆሚያው መለስነው፤ ሞተሩንም ሳናጠፋ ለካን። ተነድታ በደንብ ከሞቀች በኋላ እንደገና ለካን፤ ዘይት ሲሞቅ ከፍ ይላልና። በዘንጉ ላይ «ጨምር» ከሚለው እስከ «ሙሉ» ያለው ልዩነት ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ የጋሼ ነገር ሐሰት ነበርን? አልነበረም። ብዙ ሰው ዘይት የሚለውጠው ካምቢዮው ከታመመ በኋላ ነው። ያለቀ ሸራ በአዲስ ዘይት አይመለስም፤ ነገር ግን መኪናው ሲቆም የሚከሰሰው አዲሱ ዘይት ይሆናል። እርሳቸው ያዩት እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ግን መጽሐፉ ነገረን። መጽሐፉም ያላዳነንን እርሳቸው አዳኑን።

መኪናዪቱን ፈጽመን ፈወስናት አንልም። ከ10 ሊትር የታደሰው ከግማሽ በታች ስለ ነበረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግመን ለወጥን። አሁን ማርሽ ስትለውጥ አትዘገይም፤ በወፍጮ ቤቱ ዳገት ላይ ግን ጭነት ሲበዛባት ዛሬም ጥቂት ትንሸራተታለች። አስተዳደሩም ሽያጩን እስከ ክረምቱ መውጫ አቆይቶታል።

አሮጌውን ዘይት ወደ ወንዙ አልደፋነውም፤ በጀሪካን ታሽጎ ተቀምጧል። በጋራዡም ግድግዳ ላይ ቀኑ፥ የተነዳው ኪሎ ሜትር፥ የወጣውና የገባው ሊትር የሚጻፍበት መዝገብ ሰቅለናል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሕተታችንንም ጽፈናል። እኛ በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለንና፥ የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ መዝገቡን ዛሬ በጋሼ ፊት እናስረክባችኋለን። ሳትለኩ አታፍስሱ፤ ሳትጠይቁም አትለኩ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።